የወንድሜን ክፍት መኪና በየቀኑ ልንዳት ወይስ ልሽጣት?

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ሐዋሳ ነው። 31 ዓመቴ ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ እሠራለሁ። ታላቅ ወንድሜ አዲስ አበባ ሳለ የገዛት እ.ኤ.አ. የ2007 ሞዴል ማዝዳ ኤምኤክስ-5 አለች። ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው። የሸራ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ይታጠፋል፤ ማርሿ በእጅ ነው። እሱ አሁን ጀርመን ሥራ አግኝቶ ሄዷል፤ መኪናዋ አዲስ አበባ ቆማለች። ‹ብትነጂያትም ብትሸጫትም ያንቺ ናት› ብሎኛል። እስካሁን ሥራ የምመላለሰው በባጃጅ ነው። መኪናዋን ባየኋት ቁጥር ደስ ይለኛል። ባልደረቦቼ ግን ‹ይቺ የሽርሽር እንጂ የኑሮ መኪና አይደለችም፤ ሸጠሽ ቪትዝ ግዢ› ይሉኛል። ከእናቴ ጋር ነው የምኖረው። ጉልበቷን ያማታል። ‹እኔ እዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ መነሣት አልችልም፤ ደግሞስ ጣሪያ ከፍተሽ ስትሄጂ ሰው ምን ይላል?› አለችኝ። እሁድ እሁድ እሷንና አክስቴን ገብርኤል ይዣቸው የምሄደው እኔ ነኝ። አክስቴ ብቻዋን ስለሆነች እኔን ነው የምትጠብቀው። ክረምቱስ? ስፒድ ብሬከሩስ? በየቀኑ ይዣት መኖር እችላለሁ?»

እህቴ፣ መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። አትሽጪያት። ንጂያት፤ በየቀኑ ንጂያት። ግን ከዚያ በፊት ከእናትሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ የምትጨርሱት አንድ ጉዳይ አለ። እሱም የሁለተኛዋ ወንበር ጉዳይ ነው።

እኔም እንዲህ ያለች መኪና እዚሁ ሐዋሳ ይዤ ኖሬአለሁ። ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ጣሪያው ነበር። ጣሪያው መላ አለው። ዝናቡም መላ አለው። የሚከብደው ሌላ ነው። እኛ አገር መኪና የባለቤቱ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ጎረቤት ሲታመም መኪና ያለው ይጠራል። ለቅሶ ሲሆን አምስትና ስድስት ሰው ተጠጋግቶ ይሄዳል። ዘመድ ከመናኸሪያ ሻንጣ ይዞ ይደውላል። ባለ ሁለት ወንበር የያዘ ሰው ይህን ሁሉ በአንዴ «አልችልም» ማለት አለበት። አንዳንዱን ይህ እፎይ ያሰኘዋል። አንዳንዱ ደግሞ እናቱን አሳፍሮ አክስቱን በር ላይ ጥሎ ሲሄድ አንጀቱ ይላወሳል። አንቺ ከየትኞቹ እንደሆንሽ ከደብዳቤሽ ይታወቃል። ስለ ሞተሩ አንድ ቃል አልጻፍሽም፤ አክስትሽን ግን ሁለት ጊዜ አነሣሻቸው።

ስለዚህ እሁድን ከወዲሁ ወስኑት። እሁድ ጠዋት መኪናዋ ግቢ ትዋል። አንድ የምታምኑትን ባለ ባጃጅ በኮንትራት ያዙና ሦስታችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ አብራችሁ ተመለሱ። አንዷን አድርሶ ሌላዋን ለማምጣት መመለስ የሚሉትን ነገር አትሞክሪው። አንዷ ሁልጊዜ ደጅ ላይ ትጠብቃለች፤ ቅዳሴውም ያልፋል። በሳምንት አንድ ቀን የምትከፍሉት የባጃጅ ሒሳብ ከአንድ ሌላ መኪና ዋጋ ጋር አይወዳደርም። እናትሽም አክስትሽም ይህን ከአሁኑ ካወቁ ቅር የሚለው አይኖርም። ቅሬታ የሚመጣው እያንዳንዱ እሁድ አዲስ ጥያቄ ሲሆን ነው።

ሁለተኛው የምትወስኑት ነገር የሌሊት ሕመም ነው። ይህን በጣም አጥብቄ ነው የምነግርሽ። በዚህች መኪና የታመመ ሰው አስተኝተሽ መውሰድ አትችይም። እየነዳሽ ደግፎ የሚይዝልሽ ሦስተኛ ሰውም አይገባም። ስለዚህ መኪና ያለው ጎረቤት ስልክ፣ የአንድ ሌሊት የሚሠራ ሹፌር ስልክ፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ቁጥርም፣ 907፣ እናትሽ በቀላሉ በሚያገኙት ቦታ ይጻፍ። ወረቀት ላይ ይሁን፤ ባትሪው የሚያልቅ ስልክ ውስጥ አይሁን።

አሁን ወደ እናትሽ ጉልበት። እውነታቸውን ነው፤ ወንበሩ ዝቅ ያለ ነው። ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ጣሪያው ሲከፈት መግባትና መውጣት በጣም ይቀላል፤ አንገት ደፍቶ መሹለክ የለማ። እናትሽን ስታሳፍሪ መጀመሪያ ጣሪያውን ክፈቺ። ወንበሩን እስከ መጨረሻው ወደ ኋላ ግፊው። ጀርባቸውን ለመኪናው ሰጥተው ይቀመጡ፤ ከዚያ ሁለቱን እግር አንድ ላይ ወደ ውስጥ ያዙሩ። አንድ እግር አስቀድሞ ማስገባት ነው ጉልበትን የሚጎዳው። ሲወርዱም እንዲሁ፤ ሁለቱ እግሮች መሬት ከነኩ በኋላ ነው ክንዳቸውን የምትይዢው። ሲወርዱ ከቦይ አጠገብ አትቁሚ። ጠርዙ ከፍ ያለ የእግረኛ መንገድ ጥሩ ነው፤ የሚነሡበትን ከፍታ ይቀንስላቸዋል። ግን በሩ ረጅም ስለሆነና ዝቅ ስለሚል ጠርዙን እንዳይመታ ትንሽ ራቅ በዪ። ጠርዙ በጣም ከፍ ካለ ተዪው። ይህን ግቢ ውስጥ ተረጋግታችሁ ተለማመዱት። ከልምምዱ በኋላም ጉልበታቸው እምቢ ካለ አታስገድጃቸው። በባጃጅ ይሂዱ።

ነጠላቸውን አደራ። ጣሪያ ተከፍቶ ሲኬድ ነጠላ ይሸሻል፤ ጫፉ ወደ ጎማ ሊሄድ ይችላል። አሜሪካዊቷ ዳንሰኛ ኢዛዶራ ደንካን እ.ኤ.አ. በ1927 ፈረንሳይ ኒስ ከተማ ውስጥ የሞተችው በዚሁ ምክንያት ነው። የረጅም የአንገት ልብሷ ጫፍ በክፍት መኪና ጎማ ተጠምጥሞ አነቃት። ነጠላው ከመቀመጥ በፊት ተጣጥፎ ከቀበቶው ሥር ይግባ፤ ጫፉ ከበሩ ውጪ አለመሆኑን አንቺ ራስሽ እዪ። የጎን መስኮቶቹን ከፍ አድርገሽ ከተማ ውስጥ በሚነዳ ፍጥነት ከሄድሽ ንፋሱ ራስ ላይ ብቻ ነው፤ ፊትን አይመታም።

«ሰው ምን ይላል» ላሉት ደግሞ አልዋሽሽም። ሰው ያያል። ይጣራል። ፎቶ ያነሣል። ሴት ስትሆኚ አንዳንዱ ያልሆነ ቃል ይወረውራል። መናኸሪያና ገበያ አካባቢ፣ መንገዱ ተጨናንቆ ቀስ በሚባልበት ቦታ ሁሉ ጣሪያውን ዝጊው። እዚያ ንፋስም የለም፤ የምታገኚው የከባድ መኪና ጭስ ብቻ ነው። ደግሞ ወንበር ላይ የተቀመጠ ቦርሳ ለአላፊ አግዳሚ እጅ ቅርብ ነው። ከሁለቱ ወንበሮች መሃል ወደ ኋላ በኩል ቁልፍ ያላት ትንሽ ሣጥን አለች። ቦርሳሽና ስልክሽ እዚያ ይግቡ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሰፈሩ ይለምድሻል። ሐዋሳ ሰው ይለምዳል። እናትሽን ግን በሰው ፊት ለማሸነፍ ብለሽ ጣሪያ ከፍተሽ በሰፈር አትዙሪባቸው። የእሳቸው ስጋት ከፍቅር የመጣ ነው። ጎረቤት መኪናዋን ከእሳቸው አፍ ቢሰማ ጥሩ ነው። «ልጄ ወንድሟ የሰጣትን ነው የምትነዳው» ብለው እሳቸው ራሳቸው ሲናገሩ ነገሩ ያበቃል።

ስለ መኪናዋ ራሷ ደግሞ ልንገርሽ፤ ምክንያቱም «ስፖርት መኪና» ሲባል ሰው ሌላ ነገር ያስባል። ማዝዳ ይህችን መኪና እ.ኤ.አ. በ1989 ቺካጎ ላይ ሲያስተዋውቅ ሐሳቡ ቀላል ነበር። ትንሽ፣ ቀላል፣ ሰው የሚችላት፣ በየቀኑ የምትነዳ ክፍት መኪና። እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ ተሠራች። ከባለ ሁለት ወንበር ስፖርት መኪኖች በሽያጭ ብዛት የዓለም ክብረ ወሰን የያዘች ናት። አንቺ ጋ ያለችው ሦስተኛው ትውልድ ናት፤ ክብደቷ 1,100 ኪሎ ገደማ ነው፤ ርዝመቷ 4 ሜትር ገደማ። ባለ 2 ሊትር ሞተር ከሆነች 160 አካባቢ የፈረስ ጉልበት አላት። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ላይ ስለሆነች አየሩ ይሳሳል፤ ከዚያ ጉልበት ከስድስት እጅ አንዱ ያህል ይቀንሳል። የምታስፈራ መኪና አይደለችም። ነዳጇ በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ገደማ ነው። ከቪትዝ ትበልጣለች፤ ግን የሚያስለቅስ አይደለም። ሞተሩ ከማዝዳ 3 እና ከማዝዳ 6 ጋር አንድ ቤተሰብ ነው። ይህ ለአንቺ ትልቅ ነገር ነው፤ መካኒክሽ መለዋወጫ ሲፈልግ «ኤምኤክስ-5» ብቻ ብሎ እንዳይቀር ንገሪው።

ዋናው የጥገና ሥራሽ ሞተሩ ላይ አይደለም። ውሃ መውረጃው ላይ ነው። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቢው።

በሸራው ላይ የሚወርደው ዝናብ ሁሉ መሬት ላይ በቀጥታ አይፈስም። በጎን በጎኑ ወርዶ ከወንበሮቹ ጀርባ፣ ሸራው ከሚታጠፍበት ሥር ይሰበሰባል። ከዚያ በግራና በቀኝ ባሉ ቀዳዳዎች ገብቶ በቱቦ ከኋላ ጎማዎች ፊት ለፊት መሬት ላይ ይወጣል። ቅጠል፣ አቧራና የአበባ ርጋፊ እነዚህን ቀዳዳዎች ይደፍናቸዋል። ሐዋሳ ደግሞ ዛፍ በዛፍ ናት። ቀዳዳው ከተደፈነ ውሃው ወደ ውስጥ ይመለሳል። ምንጣፉ ይርሳል፣ መኪናው ይሸታል፣ ላሜራው ከውስጥ ይዝጋል፣ ሽቦዎቹ ይበላሻሉ። ባለቤቱ ግን ሸራው ያፈሰሰ መስሎት ሸራ ያስቀይራል።

መኪናዋን ስትረከቢ ጣሪያውን ግማሽ ከፍተሽ ከወንበሮቹ ጀርባ ያለውን ምንጣፍ በእጅሽ ጫን ጫን አድርጊው። እርጥበት ካለ ይታወቅሻል። ከዚያ በአንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ውሃ ቀስ አድርገሽ በአንዱ ጥግ አፍስሺ፤ ሌላ ሰው ከውጪ ሆኖ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት መውረዱን ይይልሽ። በሌላውም ጎን እንዲሁ። ካልወረደ በቀጭን፣ ለስላሳ የፕላስቲክ ገመድ ቀስ ብሎ ማጽዳት ነው። ሽቦ አይግባ፤ ቱቦውን ይበሳዋል። ጎሚስታ ቤት ያለው የአየር ግፊትም አይነፋበት፤ ቱቦውን ከቦታው ያስለቅቀዋል። ይህን ሥራ በልግ ሳይገባ አንዴ፣ ክረምት ሳይገባ አንዴ፣ ዝናቡ ሲያበቃ ደግሞ አንዴ አድርጊው። በዚህ ብቻ መኪናዋ ብዙ ዓመት ትኖርልሻለች።

ሸራውን በተመለከተ ላቫጆ ላይ ቁጥጥር አድርጊ። ልጆቹ ክፉ አይደሉም፤ ግን የለመዱት የብረት ጣሪያ ነው። የግፊት ውሃውን አስጠግተው ስፌቱ ላይ ይለቁታል፤ በኦሞ ይፈትጉታል። ስፌቱ ይከፈታል፤ ውሃ እንዳያስገባ የተቀባው ነገርም ይለቅቃል። ሸራውን ቤትሽ በንጹሕ ውሃና በለስላሳ ብሩሽ እጠቢው። ርሶ ሳለ አታጥፊው፤ ይሻግታል። አቧራ ሞልቶት ሳለም አታጥፊው፤ አቧራው እጥፋቱ ላይ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፈጨዋል።

ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ስታቆሚ ደግሞ ቀና ብለሽ እዪ። አሞራ ገደል አካባቢ አባ ኮዳዎቹ ከላይ ሰፍረው ነው የሚውሉት። ኩሳቸው ቀለምም ሸራም ይበላል። ከወደቀ ሳይደርቅ አርሰሽ አንሺው፤ ደርቆ መፋቅ ሸራውን ያደክመዋል። ጥላ ስትፈልጊ የቆርቆሮ ጥላ ይሻላል። ሥራ ቦታሽ እንደዚያ ያለ ጥላ ከሌለ ቀለል ያለ የመኪና ልብስ አሰፊ።

የአየሩ ነገር እንዲህ ነው። ሐዋሳ ከምድር ወገብ ብዙም አትርቅም፤ 7 ዲግሪ ገደማ ነው። የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ጣሪያ የሚከፈተው ጠዋት እስከ 3 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከ10 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። በመሃል ዝጊው። ጥቁር ወንበር ፀሐይ ላይ ከዋለ እግር ያቃጥላል፤ ጨርቅ ጣል አድርጊበት። ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ የአንቺ ነው። ጠዋት ብርድ አለ፤ ጋቢ ይዘሽ፣ ማሞቂያውን ከፍተሽ፣ መስኮቱን ከፍ አድርገሽ በሐይቁ ዳር ወደ ሥራ መሄድ እኔ የማውቀው ትልቅ ደስታ ነው። ሰው ለዚህች መኪና የሚከፍለው ለዚህ ነው፤ አንቺ ደግሞ በየሥራ ቀኑ ታገኚዋለሽ። የቅዳሜ መኪና ብቻ ብታደርጊያት ግማሹን ዓመት አቧራ ስትጠጣ ትኖራለች። የቆመች መኪና ባትሪዋ ይሞታል፣ ጎማዋ ይደርቃል፣ ፍሬኗ ይዝጋል። እውነቴን ነው፤ በየቀኑ መነዳት ለእሷም ይሻላታል።

ክረምት ሲሆን የመጀመሪያው ጠብታ እንደወረደ ዝጊ። ከፊት መስተዋቱ በላይ ያለውን አንድ መቆለፊያ ይዘሽ ወደ ፊት መጎተት ብቻ ነው፤ ወንበርሽ ላይ ተቀምጠሽ ይሠራል። የምትነዳው በኋላ ጎማ መሆኑን አትርሺ። ከረጅም ደረቅ ጊዜ በኋላ የሚጥል የመጀመሪያ ዝናብ አስፋልቱን እንደ ሳሙና ያደርገዋል፤ አደባባይ ላይ ነዳጅ አትርገጪ። ውሃ የሞላው መንገድ ካየሽ ተመለሺ። ባለ ላንድክሩዘሩ አልፏል ብለሽ አትከተዪው። የአንቺ መኪና ሆዷ ከመሬት 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው ከፍ ያለችው።

ይኸው 13 ሴንቲ ሜትር ስፒድ ብሬከር ላይም ይመጣል። ቀስ ብለሽ፣ መንገዱ ባዶ ከሆነ በሰያፍ፣ አንድ ጎማ አስቀድመሽ ውጪ። በአስፋልት መንገድ ላይ ችግር የለም፤ የሐዋሳ ዋና መንገዶች ሰፊና ሜዳ ናቸው። የሚያስቸግረው ሰፈር ውስጥ ነው። ኮብልስቶኑ የሰመጠበት ቦታ አለ። ደግሞ የራስሽ ግቢ በር! ቦዩን ለመሻገር የተሠራችው የሲሚንቶ ድልድይ ቀጥ ብላ የምትወጣ ከሆነ መኪናዋ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሆዷን ትፋቃለች። መኪናዋ ሳትመጣ አንድ ግንበኛ ጠርተሽ መውጫውን ረዘም፣ ተዳፋቱን ቀለል ያለ አድርጊው። ይህ ለመኪናዋ የምታወጪው የመጀመሪያው ወጪ ይሁን።

ዝቅ ማለቷ ሌላም ጣጣ አለው። የሲኖትራክና የአይሱዙ ሹፌር ጎኑ ላይ ከሆንሽ አያይሽም። ከአጠገባቸው አትቆዪ፤ ወይ እለፊ ወይ ወደ ኋላ ቅሪ። በቀንም መብራት አብሪ። ጣሪያው ሲዘጋ የቀኝ ኋላ ጥግ አይታይም፤ በዚያ በኩል ነው ብስክሌትና ባጃጅ የሚመጣው። በስፖኪዮ ብቻ አትመኚ፤ ዞር ብለሽ እዪ።

ስለ ጭነት ብዙ አልልም። የኋላ ኮፈኗ 150 ሊትር ነው የምትይዘው። የሳምንት አስቤዛ ይገባል። የጤፍ ኩንታል አይገባም፤ የበዓል በግም አይገባም። የወጥ ቤት ጋዝ ሲሊንደር ግን ቢገባም አትጫኚ፤ በተዘጋ ትንሽ መኪና ውስጥ አደጋ ነው። እነዚህን ባለ ባጃጁ ወይም ጋሪው ያመጣልሻል።

ጎማ ላይ ግን እንቆይ። ስኮርታ የላትም። ከፋብሪካ የመጣችው የጎማ ቀዳዳ በሚደፍን ፈሳሽና በትንሽ ኮምፕረሰር ነው። ፈሳሹ ጊዜው ያልፍበታል፤ የ2007 ከሆነ ጣዪው። ጥሩ ኮምፕረሰርና የቀዳዳ መድፈኛ ገዝተሽ አስቀምጪ። ከአዲስ አበባ ይዘሻት ስትመጪ መንገዱ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቆማ የከረመች መኪና ስለሆነች ከመነሣትሽ በፊት የጎማውን ዕድሜ እዪ። ጎኑ ላይ አራት ቁጥር አለ። 2315 ቢል እ.ኤ.አ. በ2015 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። ያን ያህል ያረጀ ከሆነ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ቀይሪው። መጠኑ ወይ 205/50 በ16 ወይ 205/45 በ17 ነው። በየሱቁ የሚገኝ ዓይነት ስላልሆነ ሲገኝ ሁለት ሁለት ግዢ። በቀን ተጓዢ፤ በሌሊት ከብትና መብራት የሌለው ጋሪ መንገድ ላይ አለ።

ቪትዝ ግዢ ላሉሽ ባልደረቦችሽም ፍርድ ልስጥ። ምክራቸው ሞኝነት አይደለም። ቪትዝ አምስት ሰው ይጭናል፤ መለዋወጫው ሞልቷል፤ ልሽጠው ስትዪ ገዢ አይጠፋም። የአንቺ መኪና ገዢ ትመርጣለች፤ ስትሸጪያት ወራት ሊወስድ ይችላል። ግን ከጥር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። አሁን ከሸጥሻት መልሰሽ አታገኚያትም። ቪትዝ ግን ነገም ገበያ ላይ አለ። እናትሽ ጨርሶ መራመድ የማይችሉ ቢሆኑ፣ ወይም ልጅ ቢኖርሽ፣ ዛሬውኑ ሽጪያት እልሽ ነበር። ወደ ኋላ የሚያይ የሕፃን ወንበር ፊቱ ኤርባግ ባለበት ቦታ መቀመጥ የለበትም፤ እዚያች መኪና ውስጥ ደግሞ ሌላ ቦታ የለም። ያ ቀን ሲመጣ ሐሳብሽን ትቀይሪያለሽ። ዛሬ ግን ያ ቀን አልመጣም።

አንድ ነገር ከወዲሁ አስቢበት። ሰርግ። ክፍት መኪና ከተማው ውስጥ እንዳለ በተሰማ በሳምንቱ የሙሽራ መኪና ትሁነን የሚል ይመጣል። ዘመድ ከሆነ አንቺው ነጂ ሆነሽ አንድ ሰው አሳፍሪ፤ ለሌላ ሰው ቁልፍ አትስጪ። ሙሽሮቹ ለቪዲዮ ብለው በተጣጠፈው ጣሪያ ላይ ይቀመጣሉ። በምንም ዓይነት አትፍቀጂ፤ ቀበቶ የለ፣ መያዣ የለ፣ አንድ ፍሬን ሲያዝ የሚወድቁት አስፋልት ላይ ነው። በገንዘብ ማከራየት ደግሞ በግል ታርጋ አይሆንም። አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይከፍልሽም። ኢንሹራንስ ስትገቢ ከሦስተኛ ወገኑ በተጨማሪ ሙሉውን ግቢ። ሸራው በምላጭ ቢቀደድ ይሸፈን እንደሆነ ጠይቂ፤ ይሸፈናል ካሉሽ ውሉ ላይ ይጻፍ።

ወረቀቱ በወንድምሽ ስም ነው። እሱ ውክልናውን ጀርመን ካለው ኤምባሲ አረጋግጦ ይላክልሽ፤ መንዳት ብቻ ሳይሆን ስም ማዛወርም መሸጥም የሚል ይሁን። ከማን እንደገዛት፣ ቀረጧ የተከፈለ መሆኑን ሊብሬውን ይዘሽ አጣሪ። ቀረጥ ሳይከፈልባት የገባች ከሆነች ያ ሳይፈታ አንድ ብርም አታውጪባት።

በመጨረሻ ወንድምሽን ተጠቀሚበት። ጀርመን ይህ መኪና በብዛት አለ፤ መለዋወጫውም እዚያ አይጠፋም። ለእረፍት ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ የፍሬን ሸራ፣ የዘይትና የአየር ፊልትሮ፣ ካንዴላ፣ የመጥረጊያ ላስቲክ፣ ጣሪያው ከመስኮቱ ጋር የሚገጥምበትን የጎን ላስቲክ፣ ለሸራው የሚቀባውን ውሃ መከላከያ ይዞ ይምጣ። ላስቲኩ ለየመኪናው ስለሚለያይ የሻንሲ ቁጥሯን ከሊብሬው ላይ ፎቶ አንሥተሽ አሁኑኑ ላኪለት። ሰው ዕቃ ሳያስይዘው፣ ኪሎው ሳይሞላ።